ከበቅሎ እስከ ዶልፊን፦ ለወለጋ መንገድ የሚሆን ያገለገለ ሚኒባስ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ያፈላችሁ ከነጀበናው ቅረቡ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚሁ ነቀምቴ የእንጨት ሥራ አለው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። ዕቃውን ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሲሬ፣ ወደ ባኮ የሚያደርስበት፣ እሑድና በዓል ሲሆን ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ ወላጆቹ ዘንድ የሚሄድበት ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዛ ተነሥቷል። «መምህር፣ ዶልፊን ይሻለኛል ወይስ አባዱላ?» ብሎ ጻፈልኝ። ገንዘቡ የእሱ ብቻ አይደለም። የእናቱ የቡና ብር አለበት፣ የእህቱ ዕቁብ አለበት፣ የጎደለውን ከቁጠባና ብድር ማኅበር ይወስዳል። መኪናው ቢቆም ሦስት ቤት አብሮ ይቆማል ማለት ነው።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የሞተሩን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ማስታወሻ ይዣለሁ። ግን ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር የታሪክ ጥያቄ እየሆነብኝ መጣ። በዚህ አገር ሰው ዕቃ መጫኛ መግዛት የጀመረው ትናንት አይደለም። ለምንድነው መናኸሪያችን በአንድ ዓይነት ሚኒባስ የተሞላው? ይሄን የመለሰ ሰው የትኛውን መግዛት እንዳለበትም ግማሹን መልሷል።

እንግዲህ ከበቅሎ እንጀምር፤ በኦሮምኛ ጋንጌ ከምንላት። መኪና ከመምጣቱ በፊት ነቀምቴ ስም ያላት የገበያ ከተማ ነበረች። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና ይወጣባታል፤ ጨውና ጨርቅ ይገባባታል። በሌቃ አገር የቢሎ ገበያም ነበር፤ ከአባይ ማዶ፣ ከጎጃም የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች እዚያ ያርፉ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከከፈቱ በኋላ ደግሞ የደምቢ ዶሎ አካባቢ ቡና ወደ ጋምቤላ ይወርድና ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር።

አንዲት የጭነት በቅሎ አምስት ስድስት ፈረሱላ ትይዛለች። ፈረሱላ 17 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ወደ 100 ኪሎ በሉት። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። በቅሎዋ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ሁለት ሳምንት አካባቢ መሆኑ ነው፤ ያውም ግቤ ሞልቶ ካላገዳት። ዛሬ አንድ ሚኒባስ አንድ ቶን ገደማ ይጭናል። የ10 በቅሎ ጭነት፣ በአንድ ቀን።

ሲራራ ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ በቁንጅናዋ አይታለልም። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ እዚያ ላይ ተጽፏል። ጭነቱን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳብሳል፤ የቆየ ገጣባ ጸጉር ቢበቅልበትም እጅ አያልፈውም። ቁልቁለት ላይ ያስነዳታል፤ ሜዳ ላይማ ሁሉም በቅሎ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ሻጩን ዋስ ጥራ ይለዋል፤ የተሰረቀች በቅሎ ገዝቶ በኋላ ባለቤቷ መጥቶ ገበያ መሐል እንዳያዋርደው። ጥርስ፣ ጀርባ፣ ቁልቁለት፣ ዋስ። እነዚህን አራቱን ያዙልኝ፣ እንመለስባቸዋለን።

አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለምኒልክ አመጣላቸው። ወለጋ መኪና የሚሄድበት ደህና መንገድ ለማግኘት ብዙ ጠብቃለች። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው መንገድ ሲዘረጋ አንዱ ወደ ነቀምቴ የሚመጣው ነበር። ለእኛ አስቦ አልነበረም፤ ወታደሩንና ስንቁን የሚያመላልስበት ነው። በ1933 ሲባረር ግን ይዞት ሊሄድ ያልቻለው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ መንገዱ፣ ሁለተኛው የጋራዥ ቋንቋ።

ይሄ ሁለተኛው ብዙ አይወራለትም። መኪና ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ክሪክ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ነቀምቴ ጋራዥ ውስጥ በኦሮምኛ እያወራ የጃፓን መኪና የሚፈታ ልጅ ግማሽ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ እሱ ግን አያውቀውም። ቃሉ የቀረው ሙያው ስለቀረ ነው። ወረራው አለቀ፤ እነዚያን ከባድ መኪናዎች፣ ሹፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሏቸውን፣ ፈትቶ መግጠም የቻለ ኢትዮጵያዊ ግን ለሌላው እያስተማረ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለመጡት ፊያቶችም፣ ለእነ ኤንትሬ፣ ያው እጅ ነበር የጠበቃቸው። አንድ የመኪና ዓይነት አገር ውስጥ ሥር የሚሰደው እንዲህ ነው፤ በሚጠግነው ሰው በኩል።

መስከረም 1943 ላይ የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠገነ፣ እየሰፋ ሄደ። ዋናውን መንገድ ከባድ መኪናና አውቶቡስ ያዘው። ከመንገድ ወጣ ያለውን፣ ጭቃውን፣ ላንድሮቨር ያዘው፤ የሚሲዮኖች፣ የወባ ማጥፊያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መኪና እሱ ነበር። ላንድሮቨር ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ዝናብ ያስገባል። ግን በመፍቻና በመዶሻ የሚሠራ መኪና ነበርና ሰው ወደደው።

በደርግ ጊዜ ነገሩ ሁሉ በወረፋ ሆነ። ኬተና የሚለውን ቃል ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የጭነትም የሕዝብም መኪና በኬተና ተደራጅቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ በተነገረው መስመር ይሄዳል። ባለ መኪናው መኪናውን በፈለገበት አይልከውም። አዲስ መኪና እንደ ልብ ስለማይገባም ያለው እየተጠገነ፣ ከአንዱ ተፈቶ ለሌላው እየተገጠመ ዘለቀ። አዲስ አበባ ውስጥ ያኔ የምትታወቀው ውይይት ነበረች፤ ከኋላ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ነው ስሟ። (ያን ጊዜ ደፍሮ የሚወያይ ሰው ከተገኘ።)

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አካባቢ ኬተና ቀርቶ የትራንስፖርት ሥራ ለግል ባለሀብት ሲከፈት አገሩ መኪና ተራበ። አዲስ ለመግዛት አቅም የለም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጥቂት ዓመት የተነዳ መኪና በርካሽ ይሸጣል፤ ዱባይ ይመጣል፣ ከዱባይ ወደ እኛ ይሻገራል። ቶዮታ ሃይኤስ አገሩን ያጥለቀለቀው በዚህ በር ነው። ቶዮታ ይሄን መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እኛ ዶልፊን የምንለው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 ድረስ የወጣው፣ አፍንጫው ክብ ያለው ነው። አባዱላ የምንለው ከ2004 ወዲህ ያለው ሰፊውና ረጅሙ ነው። ስሙ ከቀድሞው የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ከአቶ አባዱላ ገመዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቃሉ ግን ከእሳቸው በፊት በገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማለት ነው። መንገድ ላይ አነዳዱን ላየ ሰው ስሙ አይበዛበትም።

ለምን ሃይኤስ? ኒሳንም ሚትሱቢሺም ተመሳሳይ ሚኒባስ ይሠራሉ፣ መጥፎም አይደሉም። ግን መጀመሪያ በብዛት የገባው ሃይኤስ ስለሆነ መካኒኩ እሱን ተማረ። መካኒኩ ስለተማረ ነጋዴው የእሱን መለዋወጫ አስመጣ። መለዋወጫው ስላለ ቀጣዩ ገዢም እሱኑ ገዛ። ቶዮታ ከሌላው በምን ያህል ይበልጣል የሚለው ክርክር ለእኔ ሁለተኛ ነው። ነጆ ላይ ማታ የውኃ ፖምፓ ቢበላሽብህ ጠዋት የሚገኘው የየትኛው ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። የሚያምር፣ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ እምብዛም ያልተነዳ ሌላ ሚኒባስ በርካሽ ብታገኙ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይሄው ነው። በወለጋ መንገድ ብቸኛ የሆነ መኪና አትግዙ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ዶልፊን ላይ በብዛት የምታገኟቸው የናፍታ ሞተሮች ቱኤል፣ ስሪኤል እና ፋይቭኤል ናቸው፤ 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር። ቱርቦ የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም፣ ጉልበታቸውም የዋህ ነው፤ ትልቆቹ ሁለቱ ከ90 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ናቸው። ናፍታውን የሚረጨው ፖምፓ በመካኒክ እጅ የሚፈታ ነው። ዳገት ላይ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ትንሽ ቆሻሻ ናፍታ ግን አይገድላቸውም።

አባዱላ ላይ የሚበዛው 2.5 ሊትር ቱርቦ ያለው የናፍታ ሞተር ሌላ ትውልድ ነው። ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው የሚረጨው። ይጎትታል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ረጅም መንገድ ላይ አያደክምም። ችግሩ ኢንጀክተሮቹ ውኃና ቆሻሻ የገባበት ናፍታ አይወዱም፤ ሲበላሹም ዋጋቸው ከባድ ነው፣ ችግሩን ለማወቅም መመርመሪያ ማሽን ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። ናፍታ ከማደያ ጠፍቶ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲህ ባለ ናፍታ ያደገ አባዱላ ስትገዙ ኢንጀክተሮቹን ሳያስመረምሩ ብር መስጠት ድፍረት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ ያልኩት ይሄ ነው። ሥራህ አዲስ አበባ መመላለስ ቢሆን፣ በየቀኑ 300 እና 400 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ አባዱላ ግዛ፣ የሚቆጥበው ነዳጅ ይከፍልሃል። አንተ ግን በር ጭነህ ባኮ ደርሰህ የምትመለስ ሰው ነህ። ፋይቭኤል ሞተር ያለው ዶልፊን፣ እሱ ከጠፋ ስሪኤል ይበቃሃል። የሚተርፍህን ብር ጎማና ፍሬን ላይ አውለው። ዕድሜው ይበልጣል፣ አውቃለሁ። ግን የዕድሜ ቁጥር ብቻውን ሰውን ያታልላል።

ጥርስ ያልኩት እዚህ ይመጣል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አትመኑ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫ ላስቲኩን እዩ፣ የመሪውን ቆዳ እዩ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እዩ። መቁጠሪያው 120,000 እያለ መርገጫው አልቆ ብረቱ ከወጣ አንዱ ይዋሻል፣ ብረቱ ደግሞ አይዋሽም። ተንሸራታቹን በር ከፍታችሁ ዝጉት፤ ታክሲ ሆኖ የኖረ መኪና በቀን መቶ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶ ሃዲዱ አልቋል፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የወለሉን ምንጣፍ አንሡና የወንበር ብሎን ቀዳዳ ቁጠሩ። ወንበር ተጨምሮ ከተነቀለ፣ ትርፍ ሲጭን የኖረ ነው። ከኋላ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ከተገጠመ ደግሞ ከባድ ጭነት የለመደ ነው።

ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሡት። የሃይኤስ ሞተር ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን አንሥታችሁ በእጃችሁ ንኩት። ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብላችሁ ሂዱ። ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ከያዘ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መክደኛውን ክፈቱት፤ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው አልቋል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈቱ፤ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ አትጨቃጨቁ፣ ተሰናበቱ። እነዚህ የናፍታ ሞተሮች ከመጠን በላይ ሲሞቁ ቴስታታቸው ይሰነጠቃል። የታይሚንግ ቺንጋውስ መቼ ተቀየረ? በ100,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ መቀየር ያለበት ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሞተር ማውረድ ነው። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና በገዛችሁ በማግሥቱ ቀይሩት።

ጀርባ ያልኩት ቦዲው ነው። የእኛ አገር ክረምት ረጅም ነው፣ ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ውኃው የሚደበቀው በበሩ መርገጫ ሥር፣ በወለሉ ምንጣፍ ሥር፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላው በተያዘበት ቦታ ነው። አዲስ ቀለም ሲያብረቀርቅ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ለምን ተቀባ በሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የበቅሎዋ ገጣባ ይኸው ነው፣ ጸጉሩ በቅሎበት።

ሌላ ደግሞ የእኛ ዘመን የፈጠረው ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ብዙ ሚኒባስ በየግቢው ለወራት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ቆሟል። ደላላው «ብዙ ያልተነዳ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ» ይለዋል፤ እውነቱንም ነው። የቆመ መኪና ግን ይበሰብሳል። የናፍታ ማጠራቀሚያው ከውስጥ ይዝጋል፣ ፍሬኑ ይጣበቃል፣ ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ይሰነጠቃል። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሻጩን ታሪክ ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

መሪው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር የዞረችው። ጃፓኖች እስከ ዛሬ በግራ ይነዳሉ፣ ስለዚህ ለራሳቸው የሚሠሩት መኪና መሪው በቀኝ ነው። ከዚያ የመጣ ሃይኤስ እዚህ እንዲነዳ መሪው መዛወር ነበረበት። በሥርዓት የተዛወረ አለ፣ በችኮላ የተበየደም አለ። የዝናብ መጥረጊያው ሲሠራ እዩት፤ ሹፌሩ ፊት ያለውን ጥግ ሳይጠርግ ከተወና ተሳፋሪው ፊት ያለውን በደንብ ከጠረገ፣ ሹፌሩ መጀመሪያ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ተንሸራታቹ በር በግራ ከሆነም ምልክቱ ያው ነው፤ በእኛ አገር ተሳፋሪን ወደ መኪና መንገድ ያወርዳል። ልጆች ለምታወርዱበት መኪና ይሄ ቀልድ አይደለም። በፋብሪካ በግራ መሪ የተሠራ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምሩበትና እሱን ያዙ።

ቁልቁለቱ አለን፣ ያውም በነፃ። መኪናውን ከተማ ውስጥ ቀበሌ ለቀበሌ አትሞክሩት። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ እስከ ዴዴሳ ወንዝ ድረስ ረጅም ቁልቁለት፣ ከድልድዩ በኋላ ረጅም ዳገት። ሻጩን ጨምራችሁ፣ መካኒክ ይዛችሁ፣ ዴዴሳ ውረዱ። ስትወርዱ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል? ይሸታል? መርገጫው እየላላ ይሄዳል? ወንዙ ዳር አቁሙ፣ ሙቀቱ ራሱ ለራዲያተሩ ፈተና ነው። ስትመለሱ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያዋን ብቻ እዩ። ከግማሽ አልፋ ከወጣች ያያችሁት ሁሉ ውሸት ነበር። የናፍታውን ገዢው ይቻል፣ ከዚህ በላይ ርካሽ ምርመራ የለም። ሻጩ «ናፍታ ይበላል፣ ጊዜ የለኝም» ካለ እሱም መልስ ነው። በእርግጥ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሃይኤስ አፍንጫ የለውም፤ ሹፌሩና ጋቢና የተቀመጠው ሰው ከፊታቸው ትንሽ ላሜራ ብቻ ነው ያላቸው። ወጣቶቻችን ለምን እንደሚፈጥኑበት አይገባኝም። ዕቃና ቤተሰብ በአንድ ቀን አብሮ የሚጭን ሰው ደግሞ ያልታሰረ የበር ፍሬም በድንገተኛ ፍሬን ወደ ፊት እንደሚበር ያስብ። ወለሉ ላይ የዕቃ ማሰሪያ ቀለበት ማስበየድ ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ዋስ ቀረ። ዛሬ ዋሳችን ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይበቃም። ብረቱ ላይ የተፋቀ ወይም በድጋሚ የተመታ ቁጥር ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፤ ባንክ ያስያዘው መኪና በገበያ ላይ ሞልቷል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ሦስተኛ እጅ ላይ በውክልና ብቻ የሚሸጥ መኪና ዋጋው የሚቀንስላችሁ ለውለታ አይደለም፤ ወካዩ ቢሞት ወይም ቢሽር ብራችሁ መንገድ ላይ ቀረ። ቦሎውን እዩ። ኮዱንም እዩ፤ ለንግድ የምትሠሩበት ከሆነ ኮድ 3፣ ለግል ከሆነ ኮድ 2 ነው። በኮድ 2 ሚኒባስ በኪራይ ዕቃ መጫን አደጋ በደረሰ ቀን ከኢንሹራንስ ጋር ያጣላል። ስም እስኪዞር ድረስ ከክፍያው ደህና አድርጋችሁ አስቀሩ።

ለምን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለአሮጌ መኪና? ምክንያቱም አሮጌ መኪና እንደኛ አገር የሚወደድበት ቦታ ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉና ያረጁ መኪናዎችን ማስገባት በጣም አስወደደው። ጥር 2016 ላይ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 በላይ ሄደ፣ መለዋወጫውም ተከተለው። አዲስ ሲወደድ ያለው ይወደዳል። ሌላ አገር ቢሆን ለብረት ተመዝኖ የሚሸጥ ዶልፊን እኛ ጋ በሚሊዮን ይጠራል። ስለዚህ ያላችሁን ብር በሙሉ ለሻጩ አትስጡ። ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አስቀሩ፤ ቺንጋ፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ ዘይት። ብራቸውን ጨርሰው ገዝተው በሁለተኛው ወር ለመሸጥ ደላላ የጠሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ መኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጎማ መግዣ አጥተው ነው።

ኤሌክትሪኩን ለምን አትጠቅስም የምትሉ አላችሁ። የቻይና ኤሌክትሪክ ሚኒባሶች አዲስ አበባ መታየት ጀምረዋል። ናፍታ የለ፣ ዘይት የለ፣ ኢንጀክተር የለ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነቀምቴ ላይ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ቆጥሮ መግባት እንጂ። ለጊምቢና ለነጆ መንገድ ግን መሐል ላይ የሚሞላበት ቦታ፣ ሲበላሽ የሚፈታው ልጅ እስኪኖር ድረስ እኔ በዶልፊኑ ነኝ። ያ ልጅ ምናልባት አሁን እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ ለባትሪውም ለኢንቨርተሩም የሚያወጣውን ስም ለመስማት ጓጉቻለሁ።

መካኒክና ሹፌር የሆናችሁ ወዳጆቼ የጎደለውን ጨምሩ። በተለይ የነቀምቴ–ቡሬን መንገድ፣ አባይን ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ በ2.5ቱ አባዱላና በፋይቭኤል ዶልፊን ሁለቱንም የነዳችሁ ካላችሁ፣ ስንት ሊትር እንደፈጀባችሁ ከታች ጻፉልኝ። ልጁ ቅዳሜ መኪና ሊያይ ይሄዳል።